አምልኮ ለማን ነው? መዝናኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የሚለወጠው ነገር

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ አምልኮ የሚነሣው ክርክር የሚጀምረው ከዕቃ ነው። ከበሮ ይግባ ወይስ አይግባ፣ መብራቱ ይደብዝዝ ወይስ ይድመቅ፣ መዝሙሩ የድሮው ይሁን ወይስ የዘንድሮው እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ሽማግሌዎች ከወጣቶች፣ ሰባክያን ከመዘምራን ይቀያየማሉ። ክርክሩ የሚመርረው ሁሉም ወገን የሚናገረው ስለሚወደው ነገር በመሆኑ ነው። ፍሬ የሚያጣው ግን ከዕቃው በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ ነው፤ ይኸውም በጉባኤው የሚደረገው ሁሉ ለማን እንደሚደረግ፣ መልካም ሆነ ወይም አልሆነ ብሎ የሚፈርደውም ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። አምልኮና መዝናኛ የሚለያዩት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የዚህ ማብራሪያ ሐሳብ ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው።

መዝናኛ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ሰው ከድካሙ የሚያርፍበት፣ ከወዳጆቹ ጋር የሚስቅበት፣ በሙያ የተሠራ ነገር አይቶ የሚደነቅበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ነገር ግን መዝናኛ የራሱ አሠራር አለው። ታዳሚው ጊዜውን፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ሰጥቶ ይመጣል፤ በምላሹ ደስ መሰኘትን ይጠብቃል፤ ደስ ካልተሰኘ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ የአዘጋጁ ትልቁ ሥራ የታዳሚውን ፍላጎት አስቀድሞ ማወቅ፣ ትኩረቱን መሳብ፣ ከሳበውም በኋላ እስከ መጨረሻው እንዳይላላ መጠበቅ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠው ዳኛ ነው፤ መድረክ ላይ የቆመው ለፍርድ ቀርቧል።

በአምልኮ ይህ አቀማመጥ ይገለበጣል። ምእመኑ የሚመጣው እግዚአብሔርን ስለ ማንነቱና ስለ ሥራው ሊያመሰግን፣ ኃጢአቱን ሊናዘዝ፣ ቃሉን ሰምቶ ሊታዘዝ፣ ስለ ሌሎች ሊማልድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12፥1 አማኞች ሰውነታቸውን ሕያው መሥዋዕት አድርገው እንዲያቀርቡ ሲለምን፣ አምልኮን የገለጸው በሚታይ ነገር ሳይሆን በሚቀርብ ነገር ነው። ጌታ ኢየሱስም ሳምራዊቷ ሴት በየትኛው ተራራ መስገድ እንደሚገባ ስትጠይቀው፣ የቦታውን ክርክር አልፎ በመንፈስና በእውነት ስለሚሰግዱት ነገራት፤ «አብ ሊሰግዱለት እንደ እነዚህ ያሉትን ይሻልና» አለ። በዚህ ቃል ውስጥ የሚሻው አብ ነው፣ የሚፈለጉትም ሰጋጆቹ ናቸው። የዘመናችን ጉባኤ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚጠይቀው ሰዎች ምን እንደሚሹ ነው።

ይህ ሲባል ሰው ከአምልኮ ምንም ሳይቀበል ይመለሳል ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሚሰጠው የሚቀበለው ይበልጣል፤ ቃል ይሰበክለታል፣ ይቅርታ ይነገረዋል፣ ማዕድ ይቀርብለታል፣ ወንድሞችና እኅቶች ይጸልዩለታል። ልዩነቱ የሚቀበለው የመረጠውን ሳይሆን የተሰጠውን መሆኑ ነው። አንዳንድ ቀን የሚሰጠው ተግሣጽ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይመጣልኛል ብሎ ያላሰበው መጽናናት ነው። ምርጫው በታዳሚው እጅ ከገባ ተግሣጹ ቀድሞ ይወጣል፣ እውነተኛው መጽናናትም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሮም ያስተምር የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለንጉሠ ነገሥቱ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ገልጿል። የሐዋርያት መታሰቢያዎች ወይም የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከ ፈቀደ ድረስ ይነበባሉ፤ መሪው በንባቡ ላይ ተመሥርቶ ይመክራል፤ ሁሉም ቆመው ይጸልያሉ፤ ኅብስትና ወይን ይቀርባል፣ ሕዝቡም «አሜን» ብሎ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ያላቸው የሚሰጡት ገንዘብ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። ከዚያ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ112 አካባቢ፣ ሮማዊው ገዥ ፕሊኒ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ከንጋት በፊት ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ፣ ላይሰርቁ፣ ላያመነዝሩ፣ አደራ ላይክዱም እንደሚማማሉ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ጽፏል። በሁለቱም ገለጻዎች ውስጥ ሕዝቡ ተመልካች አይደለም፤ ይሰማል፣ ይጸልያል፣ ይመልሳል፣ ይበላል፣ ይሰጣል፣ ይምላል።

ዴንማርካዊው አሳቢ ሶረን ኪርክጎር እ.ኤ.አ. በ1847 ይህንኑ ነገር ከቴአትር ጋር አነጻጽሮ አስረድቷል። ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያንን እንደ ቴአትር ቤት፣ ሰባኪውን እንደ ተዋናይ፣ ራሱን እንደ ተመልካች እንደሚያይ ካመለከተ በኋላ፣ እንደ እርሱ አባባል እውነቱ ይህ ነው፤ ሰባኪው ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ቃሉን በሹክሹክታ የሚያስታውስ ረዳት ነው፣ ተዋናዩ እያንዳንዱ ሰሚ ነው፣ የሚመለከተውም እግዚአብሔር ነው። ይህ ንጽጽር አንድ ጉድለት አለው፤ እግዚአብሔር በአምልኮ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ዋናው ተናጋሪና ሰጪ ነው። ቢሆንም የምእመኑን ቦታ በትክክል ያመለክታል።

የቀድሞ ፈተና

አንዳንዶች ይህ ችግር ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎችና ከካሜራ ጋር የመጣ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን እጅግ ያረጀ ነው። በዘፀአት 32 ሕዝቡ የወርቁን ጥጃ ሲሠራ አሮን ያወጀው የእግዚአብሔር በዓል ብሎ ነበር፤ የእግዚአብሔር ስም ከዝግጅቱ አልጠፋም ማለት ነው። ጳውሎስ ይህን ታሪክ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲያስታውሳቸው የመረጠው ዐረፍተ ነገር «ሕዝብም ሊበሉ ሊጠጡም ተቀመጡ ሊዘፍኑም ተነሡ» የሚለውን ነው። አንድ ስብሰባ በእግዚአብሔር ስም ስለ ተጠራ ብቻ አምልኮ እንደማይሆን ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ሕዝቡ የፈለገው የሚታይና በሚፈልገው ሰዓት የሚገኝ አምላክ ነበር፤ ሙሴ በተራራው ላይ የዘገየበት ጊዜ ረዝሞበት ነበርና።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ደግሞ ሌላውን ጎን አሳይቷል። በምዕራፍ 33 መጨረሻ ላይ ሕዝቡ በፊቱ ተቀምጦ እንደሚያዳምጠው፣ ነገር ግን እርሱ ለእነርሱ ድምፁ ያማረ፣ በገናውንም አሳምሮ የሚመታ የፍቅር ዘፋኝ እንደሆነላቸው እግዚአብሔር ይነግረዋል፤ ቃሉን ይሰማሉ፣ አያደርጉትም። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ሕዝቅኤል ትርኢት አለማቅረቡን ነው። መልእክቱ የፍርድ መልእክት ነበር፣ እርሱም ታማኝ ነቢይ ነበር። መዝናኛ ያደረጉት ሰሚዎቹ ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመድረክ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ማንኛውንም ስብከት በጣዕሙ ብቻ እየመዘነ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ጉባኤውን ለራሱ ቴአትር ያደርገዋል።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን የአንጾኪያ ጳጳስ የነበረው ጳውሎስ ሳምሳጢ እ.ኤ.አ. በ268 አካባቢ በጉባኤ ሲሻር ዋናው ክስ ስለ ክርስቶስ ያስተማረው የስሕተት ትምህርት ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ያቆየልን የጉባኤው ደብዳቤ ግን የአምልኮ አመራሩንም ይከሳል፤ ከፍ ያለ ዙፋን አሠርቶ እንደ ነበር፣ እንደ ቴአትር ቤት ያልጨበጨቡትንና መሐረብ ያላውለበለቡትን ይቈጣ እንደ ነበር፣ ለክርስቶስ የሚዘመረውን አስቀርቶ ለራሱ ክብር ያዘምር እንደ ነበር ይናገራል። የትምህርቱ ስሕተትና የመድረኩ ስሕተት በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ክርስቶስ በትምህርት ሲያንስ ባዶ የሚቀረውን ቦታ ሰው ይይዘዋል።

ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካው የዮሐንስ አፈወርቅ ምስክርነት ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ጭብጨባን የፈለገ ሰው አልነበረም። በዘመኑ ሰሚዎች ለስብከት ማጨብጨብ ልማዳቸው ነበር። አፈወርቅ በሐዋርያት ሥራ ላይ በሰጠው ስብከት፣ ሲጨበጨብለት እንደ ሰው ደስ እንደሚለው ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ያጨበጨቡት ሰዎች የሚጠቅማቸውን ጥቅም በጭብጨባው ውስጥ እንዳጠፉት እያሰበ ያዝናል። በጭብጨባው ሰሚው ምላሹን የሰጠ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበት ንስሐና የኑሮ ለውጥ ግን ሳይጀመር ይቀራል።

ሙዚቃን በተመለከተ ደግሞ የአውግስጢኖስን ያህል በሐቀኝነት የመረመረ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ386 በሚላኖ ምእመናን ከጳጳሳቸው ከአምብሮስዮስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተከበው ሌሊቱን ሲጠብቁ፣ በኀዘን እንዳይዝሉ መዝሙራትንና ዝማሬዎችን መዘመር እንደ ተጀመረ መስክሯል፤ እርሱም ራሱ በዚያች ከተማ ዝማሬ ሰምቶ አልቅሷል። በኋላ «ኑዛዜ» በተባለው ድርሰቱ 10ኛ መጽሐፍ፣ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዝማሬው ራሱ ሲያነቃንቀው እንደ በደል እንደሚቈጥረው፣ በዚያን ጊዜ የዘማሪውን ድምፅ ባይሰማ እንደሚመርጥ ጽፏል። ያም ሆኖ ደካማዋ ነፍስ በጆሮ ደስታ በኩል ወደ እግዚአብሔር ፍቅር ትነሣ ዘንድ ዝማሬ በቤተ ክርስቲያን እንዲኖር ወደ መፍቀድ አዘነበለ። ሙዚቃን አልጣለም፣ አላመነውምም። ይህ ሚዛን እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት በተለያየ መንገድ ሄደዋል። ከፕሮቴስታንት መሪዎች አንዱ፣ ራሱም ጎበዝ ሙዚቀኛ የነበረው ዝዊንግሊ በዙሪክ ዝማሬንና ኦርጋንን ከአምልኮ አስወጣ፤ ሉተር በተቃራኒው መዝሙርን ለሕዝቡ አፍ መለሰ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1562 በትሬንት ጉባኤ ርኩሰት የተቀላቀለበትን ሙዚቃ ከቤተ ክርስቲያን እንዲርቅ አዘዘች፤ በ1903 ደግሞ የሮም ጳጳስ ፒዮስ 10ኛ የኦፔራ ቴአትርን የሚመስል ሙዚቃ ከቅዳሴ እንዲወጣ ደነገጉ። በመፍትሔው አልተስማሙም፤ ሁሉም ግን አንድ አደጋ ታይቷቸዋል።

የሚሳበው እንግዳ

የዛሬው ጥያቄ መልኩን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአሜሪካ የተሐድሶ ስብከት ዝነኛ የነበረው ቻርልስ ፊኒ በ1830ዎቹ ወንጌል ለስብሰባ አመራር የተወሰነ መልክ እንዳላዘዘ፣ ስለዚህ ሰዎችን የሚያነቃቁ አዳዲስ ዘዴዎች ተገቢ እንደሆኑ አስተማረ። ሐሳቡ ከቅን ፍላጎት የመነጨ ነበር፤ ሰዎች እንዲድኑ ይሻ ነበርና። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ አምልኮ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀስ በቀስ «ይገባል ወይ?» ከማለት «ይሠራል ወይ?» ወደ ማለት ዞረ።

ይህ አስተሳሰብ እጅግ ጎልቶ የታየው በቺካጎ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1975 በተመሠረተችው በዊሎው ክሪክ ቤተ ክርስቲያን ነው። መሥራቾቹ በየቤቱ እየሄዱ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደማይመጡ ጠየቁ፣ መልሱንም ይዘው ለማያምነው እንግዳ የሚስማማ ዝግጅት በድራማና በዘመናዊ ሙዚቃ አዘጋጁ፤ የጀመሩትም በተከራዩት ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች መጡ፣ በዓለም ዙሪያም ብዙዎች ይህን አርአያ ተከተሉ። በ2007 ግን የቤተ ክርስቲያኗ መሪዎች ራሳቸው ያካሄዱትን ጥናት ይፋ አደረጉ፤ ሰዎች በዝግጅቶች ላይ በብዛት መሳተፋቸው ብቻውን እግዚአብሔርንና ባልንጀራን በመውደድ እንደማያሳድጋቸው ያሳየ ጥናት ነበር። ይህን በግልጽ መናገራቸው ሊመሰገኑበት ይገባል፤ ቍጥሩ እያደገ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር መሪ ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። እንግዳው ካልተሳበ ወንጌልን እንዴት ይሰማል? ጳውሎስ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ ለሁሉም ሰው ሁሉን ነገር እንደሆነ ጽፎ የለምን? ጽፏል፤ ከዚያው መልእክት ሳንወጣም የማያምን እንግዳ ወደ ጉባኤ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚገባ በምዕራፍ 14 አስረድቷል። ጳውሎስ ለዚህ እንግዳ በእርግጥ ያስባል፤ የማይተረጎም ልሳን እንዲቀር የሚጠይቀው እንግዳው እንዳይሰናከል ጭምር ነው። የሚጠብቀው ውጤት ግን እንግዳው ወድዶት እንዲመለስ አይደለም፤ በልቡ የተሰወረው ተገልጦ፣ በግንባሩ ወድቆ፣ እግዚአብሔር በእውነት በመካከላቸው እንዳለ እየተናገረ እንዲሰግድ ነው። ስለዚህ ለእንግዳው ማሰብ ማለት የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ፣ ቦታ ማሳየት፣ በፍቅር መቀበል፣ የማያውቀውን ሥርዓት ማስረዳት ነው። አምልኮውን ወደማያመልክ ሰው ጣዕም ማውረድ ግን እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ማንሣት ነው። ሌላ ቦታ የማያገኘው ነገር ይህ ነበርና፤ ጥሩ ሙዚቃና ጥሩ ቀልድማ በየትም ይገኛል።

ሳይታወቅ የሚለወጠው

መዝናኛ ወደ ጉባኤ የሚገባው በውሳኔ አይደለም። «ከዛሬ ጀምሮ ትርኢት እናቀርባለን» ብሎ የወሰነ የሽማግሌዎች ጉባኤ የለም። የሚገባው እያንዳንዱ ምክንያታዊ በሆነ ትንንሽ ለውጥ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡ ሰውን ያሰለቻል ተብሎ ከምዕራፍ ወደ ጥቂት ቍጥሮች ያጥራል። የምልጃ ጸሎቱ ሰዓት ይወስዳል ተብሎ ወደ መዝሙሩ መሸጋገሪያ ይጠጋጋል። ኑዛዜው ስሜትን ያቀዘቅዛል ተብሎ ይቀራል። ዝምታ ደግሞ የድምፅ መሣሪያው የተበላሸ ስለሚያስመስል አንድም ቅጽበት አይተዉለትም። ከዓመታት በኋላ የቀረው ረጅም ሙዚቃ፣ ስብከትና ማስታወቂያ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ማንም ይህን አላቀደም።

የአዳራሹ አቀማመጥና የድምፅ አሠራሩም የራሱን ትምህርት ያስተምራል። ሕዝቡ ያለበት ቦታ ጨልሞ መድረኩ ብቻ ሲበራ፣ ዐይን ወዴት ማየት እንዳለበት ተነግሮታል። ድምፅ ማጉያው አንድ ሰው የራሱንም የአጠገቡንም ሰው ድምፅ እንዳይሰማ እስኪያደርግ ከፍ ሲል፣ ሰውየው ሳያስበው መዘመሩን ያቆማል፤ ቢዘምርም ባይዘምርም ለውጥ የለውምና። ብዙ ሰው በምቾት የሚዘምረው ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ድምፅ ካለው ርቀት) ጥቂት ብቻ ከፍ በሚል የድምፅ ስፋት ውስጥ ነው፤ ለአንድ ብርቱ ዘማሪ ድምፅ የተዘጋጀ ዜማ ከዚህ ወሰን ሲያልፍ ሕዝቡ ዝም ብሎ ከመስማት በቀር አማራጭ አይኖረውም። በየሳምንቱ አዲስ መዝሙር ሲቀርብም ውጤቱ ያው ነው። ጳውሎስ በቈላስይስ 3፥16 አማኞች በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ሲጽፍ፣ መዘመርን የጥቂት ባለሙያዎች ድርሻ አላደረገውም። በቀጥታ የሚያሰራጨው ካሜራም ለታመመና ለሩቅ ሰው ትልቅ በረከት መሆኑ ሳይካድ፣ የጸሎቱ ርዝመትና የመሪው ፊት እንኳ ለስክሪን ሲባል መስተካከል ከጀመረ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ የቀረጻ ማጀቢያ ሆኗል።

ስሜትን በተመለከተ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሁለት በኩል ነው። ቀስ እያለ የሚያድግ ዜማ፣ የሚደጋገም ቃል፣ በአንድነት የሚንቀሳቀስ ብዙ ሕዝብ የሰውን ሰውነት ያነቃንቃል፤ ይህ በቤተ ክርስቲያንም በኮንሰርት አዳራሽም፣ በስታዲየምም ይሆናል። ስለዚህ የሰውነት መነቃነቅና ዕንባ ብቻቸውን የመንፈስ ቅዱስ መገኘት ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም። የመቅረቱም ማስረጃ አይደሉም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ሰው ሥጋና ስሜት ያለው ነውና። በነህምያ 8 ሕዝቡ የሕጉን መጽሐፍ ከማለዳ እስከ ቀትር ድረስ ሲሰማ አልቅሷል። ያለቀሰው የተነበበለትን ስላስተዋለ ነበር፤ ዕንባው ከቃሉ መጣ እንጂ ከቃሉ ቀድሞ አልተዘጋጀም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መዝናኛ ለኀዘን ቦታ የለውም። ተደስቶ እንዲመለስ ለሚጠበቅ ታዳሚ የሚዘጋጅ መርሐ ግብር በደስታ መጀመር፣ በሞቀ ደስታም መጨረስ አለበት። ልጇን በዚያው ሳምንት የቀበረች እናት፣ ሥራውን ያጣ አባወራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሱስ ጋር ሲታገል ያደረ ወጣት ወደዚህ ጉባኤ ሲገቡ የመጀመሪያው ነገር «ደስ ብሎት የመጣ እጁን ያንሣ!» የሚል ጥሪ ይሆንባቸዋል። እጃቸውን ካነሡ ይዋሻሉ፣ ካላነሡ እምነት የጎደላቸው ይመስላቸዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሳይናገሩ መምጣታቸውን ያቆማሉ፤ ማንም ያባረራቸው ስለሌለ ምክንያቱን የሚጠይቅም አይገኝም።

መጽሐፍ ቅዱስ ለአምልኮ የሰጠን የመዝሙር መጽሐፍ ግን ከ150ዎቹ መዝሙራት ሢሶ ያህሉ የልቅሶና የአቤቱታ ነው። «እስከ መቼ?» ይላል፣ «ለምን ተውኸኝ?» ይላል፤ በዕብራውያን አቈጣጠር 88ኛው መዝሙር ተስፋ የሚሰጥ መደምደሚያ እንኳ ሳይጨመርበት በጨለማ ይጨርሳል። እነዚህ መዝሙሮች ለሕዝብ አምልኮ የተሰጡት ያዘነ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዳዘነ መቆም እንዲችል፣ ያላዘነውም ከእርሱ ጋር እንዲያለቅስ ነው። ለታዳሚ የሚቀርብ ዝግጅት ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ግን ይሸከማል፣ እርሱ የተሰበረውን ልብ አይንቅምና።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ደስታን፣ ጥበብንና ጥራትን እንደ ጠላት የሚያይ ሰው የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘለለ፣ በልቧ የናቀችውም ሜልኮል ናት የተነቀፈችው። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ለእግዚአብሔር ቤት ዝማሬ የሠለጠኑት ጎበዞች 288 ነበሩ፤ ሥልጠና ከመንፈሳዊነት ጋር አልተጣላም። በስንፍና የተዘጋጀ ስብከት፣ ባልተለማመደ ዘማሪ የተበላሸ ዝማሬ ለእግዚአብሔር ክብር የተደረገ አይባልም፤ መሰልቸትም የቅድስና ምልክት አይደለም። በሌላ በኩል ትርኢት የሚገኘው ደማቅ መብራት ባለበት ብቻ አይደለም። ጥንታዊና ጸጥተኛ ሥርዓት ያለበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የዜማውን ውበት፣ የሥርዓቱን ግርማ ወይም የሰባኪውን አንደበት ብቻ ሊያጣጥም የሚመጣ ሰው ተመልካች ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 5 እግዚአብሔር ዝማሬያቸውን ከፊቱ እንዲያርቁ ያዘዛቸው ሰዎች በሥርዓት መሥዋዕትና በዓል የሚያቀርቡ ነበሩ፤ የተጠየቁት ፍርድና ጽድቅ ነበር። በድሃው ላይ በግፍ የሚፈርደው ሰው ዜማ፣ ስልቱ የድሮም ሆነ የአሁን፣ አይሰማም።

አንድ ጉባኤ ራሱን ለመመርመር ከፈለገ የሰዎችን ልብ ለመመዘን መሞከር የለበትም፤ ያ ከአቅሙ በላይ ነው። የሚታየውን ሥርዓት ግን መጠየቅ ይችላል። ሰዓት ሲያጥር ሁልጊዜ የሚቀነሰው የትኛው ክፍል ነው? መብራት ቢጠፋና መሣሪያው ሁሉ ዝም ቢል አምልኮው ይቀጥላል ወይስ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይሄዳል? ባለፈው ወር ኃጢአት በጉባኤ የተናዘዝንበት፣ ስለ ታመሙና ስለ ታሰሩ በስማቸው የጸለይንበት ቀን ነበር? መሪዎች ከጉባኤው በኋላ ሲገናኙ የሚወያዩት ዝግጅቱ እንዴት እንደሄደ ብቻ ነው፣ ወይስ የተሰበከው ቃል ምን እንዳደረገ ጭምር? ዘማሪዎችስ ጥሩ የዘመሩበትን ቀን የሚያውቁት በምንድን ነው? በመልሳቸው ውስጥ የሕዝቡ ድምፅ ከሌለበት፣ ወጣቶቹ አገልጋዮች ማንም ሳያስበው በተዋናይ መለኪያ እየተመዘኑ ነው፤ ይህ ሸክም በለጋ ነፍሳቸው ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው።

ማስተካከያው ከመድረኩ ላይ ዕቃ በማውረድ ቢጀምር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጠብ ይሄዳል፤ አንዱ ወገን የሚወደው ነገር የተነጠቀ ይመስለዋልና። የተሻለው መንገድ የጎደለውን መመለስ ነው። በመጀመሪያ ረዘም ያለ ንባብ ከብሉይና ከሐዲስ ይመለስ፣ አንባቢውም አስቀድሞ ይዘጋጅበት። ቀጥሎ የምልጃ ጸሎቱ የራሱ ሰዓት ይኑረው። ከዚያ ኑዛዜና የይቅርታ ቃል፣ ከእነርሱም ጋር አጭር ዝምታ ይግባ። ከልቅሶ መዝሙራት አንዱ በየወሩ በሕዝቡ አፍ ይነበብ ወይም ይዘመር። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ጥቂት መዝሙሮች ተመርጠው ለሁሉም በሚመች ከፍታ ይደጋገሙ፣ አንዳንዱም ክፍል ያለ መሣሪያ ይዘመር። እነዚህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳሉ፤ በጊዜው ጥበት ምክንያትም የትኛው ነገር ማጠር እንዳለበት ጉባኤው በራሱ መነጋገር ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ስለ ከበሮውና ስለ መብራቱ መወያየት ይቻላል፤ የሚመዘኑትም ሕዝቡ እንዲሰማ፣ እንዲጸልይና እንዲዘምር በመርዳታቸው ወይም በማገዳቸው ይሆናል።